እናትሽን ስካይላይን ድራይቭ ለመውሰድ

እህቴ፣ እናቴ ከአገር ቤት መጥተዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ በኦክቶበር ስካይላይን ድራይቭ ብወስዳቸው ይጎዱብኝ ይሆን ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ምንም ሳታስቢ ውሰጃቸው። ስካይላይን ድራይቭ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በተራራው ጫፍ ጫፍ የሚሄድ የመኪና መንገድ ነው። እኔ እናቴንም አማቴንም ወስጃለሁ፣ መራመድ ለማይችል ሰው ቨርጂኒያ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዋናው ነገር ግን መንገዱን ካልጨረስን እንዳትዪ። 105 ማይል ነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል አይበልጥም፣ ሁሉም ጠመዝማዛ ነው፣ ሳትቆሚ ብትነጂ እንኳን ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ለትልቅ ሰው ወገብ ደግሞ ከባድ ነው።

ብዙ ሰው በሰሜን በኩል ባለው በፍሮንት ሮያል መግቢያ ነው የሚገባው፣ ዊክኤንድ ሰልፉ አይጣል ነው። አንቺ በሀይዌይ 66 ወጥተሽ ጌንስቪል ላይ መንገድ 29ን ያዢ፣ ከዋረንተን መንገድ 211 ስፔሪቪልን አልፎ ቶርንተን ጋፕ የሚባለው መግቢያ ያደርስሻል። መግቢያው በመኪና 30 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ያገለግላል። ወደ ደቡብ እንደታጠፍሽ ዓለቱን በስተው የሠሩት ተነል አለ፣ እናትሽ በደሴ መንገድ ሄደው የሚያውቁ ከሆነ ጣርማ በርን ያስታውሳቸዋል። ከዛ እስከ ቢግ ሜዶስ የሚባለው ሰፊ ሜዳ 20 ማይል አይሞላም፣ ለሳቸው ይሄ ይበቃል፣ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታም እዛው መሀል ስካይላንድ ጋ ነው፣ 3,680 ጫማ።

ኦቨርሉኮቹ (መንገዱ ዳር ያሉት መመልከቻ ቦታዎች) ጋ መኪናውን ከግንቡ አጠገብ ስለምታቆሚ ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ሸለቆው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናቴ ግንቡን ተደግፋ ነጠላዋን እየሰበሰበች ቀዩን ቢጫውን ጫካ ስታይ ዝም ብላ ቆየችና "ይሄን ሁሉ ማንም አልቆረጠውም?" አለችኝ። እግራቸው ትንሽ ከቻለ መንገዱ ዳር ባለው የማይል ምልክት 43ኛው ላይ ሊምበርሎስት የሚባል ለዊልቸር የተሠራ ደልዳላ መንገድ አለ፣ ዙሩ 1.3 ማይል ስለሆነ ጥቂት ሄዳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ዳርክ ሆሎው ፏፏቴን ግን ተዪው፣ ቁልቁለቱ ቀላል ይመስላል፣ ዳገቱ ነው ጉልበት የሚጨርሰው።

ጋቢና አስቀምጫቸው፣ ኋላ ወንበር ያጥወለውላል። ጋቢም ያዢላቸው፣ ላይኛው ከታች ወደ 10 ዲግሪ ፋራናይት ይቀዘቅዛል። ረቡዕ ወይ አርብ ከሆነ የጾም ምግብ ከቤት ቋጥሪ፣ ቡናውንም በፔርሙዝ፣ ፒናክልስ 36.7 ማይል ላይ ጠረጴዛ አለ፣ ፍርፋሪ ግን እንዳትተዪ፣ ድቦች አሉ።

ጊዜና አቅም ካላችሁ ትንሽ ወረድ ብሎ 57.5 ማይል ላይ ሌዊስ ማውንቴን የሚባል የካምፕና የሽርሽር ቦታ አለ። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ የተለየ ቦታ ነበር፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ይሄን ታሪክ መንገር አለብን ባይ ነኝ፣ እኔ ለልጆቼ እዛው ቆሜ ነው የነገርኳቸው።

ቅጠሉ የሚያምረው ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ነው። ከቻልሽ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ኦፍ ውሰጂ፣ በጠዋት ውጪ፣ ቤንዚን ሞልተሽ ግቢ፣ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ማፑን አስቀድመሽ ዳውንሎድ አድርጊ። ጉም ከሆነ ደግሞ ምንም ስለማይታይ ቀኑን ቀይሪው።