«ካልተመዘገበ ውሉ ተራ ወረቀት ነው?»

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ የባርሴሎና ደጋፊዎች ነን። የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር ክርክራችን አንድ ነው። ማን ይፈርማል? ማን ይሸጣል? የደመወዝ ጣሪያውስ ይፈቅዳል? አንዱ ጓደኛዬ «ላሊጋ ካልመዘገበው ውሉ ተራ ወረቀት ነው፤ ተጫዋቹ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም» ይላል። ሌላው «ካልተመዘገበ በነፃ ይሄዳል» ባይ ነው። እኔ ደግሞ ሜሲ በነፃ ቢጫወት ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል። ለመሆኑ ጣሪያ ማውጣቱ ራሱ ሕጋዊ ነው? የመጨረሻው ጥያቄዬ የቤተሰብ ነው። የእህቴ ልጅ የደመወዝ ጣሪያ ባለው ሊግ ውስጥ ለሚጫወት ክለብ ሊፈርም ነው። ሁለት ወረቀት አቀረቡለት። አንዱ ለሊጉ የሚገባ ነው። ሌላው ግን «በእኛ መካከል የሚቀር» ነው አሉት። ይፈርም?

መልስ፦ የእህትዎን ልጅ ጉዳይ መጨረሻ ላይ በሰፊው አየዋለሁ። እስከዚያ ግን ሁለተኛውን ወረቀት እንዳይፈርም ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩት።

አሁን ወደ ጓደኞችዎ ክርክር ልመለስ። ሁለቱም የተሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ውል ሌላ፣ ምዝገባ ሌላ ነው። ውሉ በክለቡና በተጫዋቹ መካከል የተደረገ የሥራ ውል ነው። ምዝገባው ደግሞ «ይህ ሰው ለዚህ ክለብ መሰለፍ ይችላል» የሚል ፈቃድ ነው። በላሊጋ የደመወዝ ጣሪያው የሚይዘው ምዝገባውን ነው። ክለቡ ከተሰጠው ልክ ካለፈ ሊጉ በሩን ይዘጋበታል። የተፈረመውን ውል ግን ሊጉ አይቀድደውም። ክለቡና ተጫዋቹ በውሉ እንደታሰሩ ይቆያሉ።

ይህን የባርሴሎናው ተጫዋች የዳኒ ኦልሞ ጉዳይ በደንብ ያሳያል። ኦልሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ከጀርመኑ ክለብ ላይፕዚግ መጥቶ እስከ 2030 የሚቆይ ውል ፈረመ። ሲፈርም ግን ክለቡ ለእሱ የሚሆን ቦታ በሂሳቡ ውስጥ አልነበረውም። መውጫ የተገኘው በሰው ጉዳት ነው። ተከላካዩ ክሪስተንሰን ለረጅም ጊዜ የሚያስተኛ ጉዳት ደርሶበት ነበር። የላሊጋ ደንብ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲያጋጥም ከተጎዳው ተጫዋች ደመወዝ እስከ 80 በመቶውን ለሌላ ተጫዋች ማዋል ይፈቅዳል። ኦልሞ በዚህ ቀዳዳ ገብቶ ተመዘገበ። ነሐሴ 27 ከራዮ ቫዬካኖ ጋር ተቀይሮ ገባና የማሸነፊያዋን ግብ አገባ። ምዝገባው ግን የግማሽ የውድድር ዘመን ብቻ ነበር። ታኅሣሥ 31 ሌሊት አለቀ።

እስቲ በማግስቱ ያለውን ሁኔታ ያስቡት። ሰውየው ጠዋት ተነስቶ ልምምድ መሄድ ይችላል። ደመወዙ ይቆጠራል። ውሉ ገና አምስት ዓመት ተኩል ይቀረዋል። ሜዳ መግባት ግን አይችልም። ክለቡ ቀደም ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ ጊዜያዊ እግድ ጠይቆ ነበር፤ አልተሳካለትም። ከዚያ ወደ ስፔን የስፖርት ከፍተኛ ምክር ቤት ሄደ። ምክር ቤቱ ጥር 8 ቀን 2025 ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠ። በዚያው ዕለት ቡድኑ ጅዳ ላይ ከአትሌቲክ ክለብ ጋር የሱፐር ካፕ ግማሽ ፍጻሜ እየተጫወተ ነበር። ሚያዝያ 3 ደግሞ የመጨረሻው ውሳኔ ለኦልሞና ምዝገባው አብሮ ለተቋረጠበት የቡድን ጓደኛው ለፓው ቪክቶር ጥቅም ተሰጠ።

እዚህ ላይ ብዙ ደጋፊ የዘለለው ነገር አለ። ምክር ቤቱ የወሰነው «ክለቡ ገንዘብ አለው» ብሎ አይደለም። ምዝገባውን የከለከለው የሊጉና የፌዴሬሽኑ የክትትል ኮሚቴ ያን የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም ብሎ ነው። ጉዳዩ የዞረው በሥልጣን ጥያቄ ነው። ስለዚህ ያ ውሳኔ ጣሪያውን አላፈረሰም። ጓደኞችዎ «ኦልሞ ላሊጋን ረታ» ካሉ ይህን ይንገሯቸው።

ጣሪያው እንዴት እንደሚሰላም ባጭሩ ልናገር። በላሊጋ ለሁሉም ክለብ እኩል የሆነ ቁጥር የለም። የእያንዳንዱ ክለብ ልክ የሚወጣው ከራሱ ገቢ ላይ የሌሎች ሥራዎች ወጪና የሚከፈል ዕዳ ተቀንሶ ነው። ወጪ የሚባለው ደግሞ ደመወዝ ብቻ አይደለም። የዝውውር ዋጋም በውሉ ዓመታት ተከፋፍሎ ይገባል። በ60 ሚሊዮን ዩሮ ለ5 ዓመት የተገዛ ተጫዋች ደመወዙ ሳይነካ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ይይዛል። ለዚህ ነው «አንዱን ሸጠን ሌላውን እንግዛ» የሚለው የደጋፊ ሂሳብ ብዙ ጊዜ የማይሠራው። ከልኩ ያለፈ ክለብ ያተረፈውን ገንዘብ በሙሉ መልሶ እንዲያወጣ አይፈቀድለትም።

እሺ፣ ተጫዋቹ ሳይመዘገብ ቢቀርስ? «ሰባራ ሳንቲም አያገኝም» ያለው ጓደኛዎ ተሳስቷል። ቦታ ሳያዘጋጅ ያስፈረመው ክለቡ ነው። የራሱን ጥፋት በሠራተኛው ላይ መጫን አይችልም። የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 18 የውል መጽናት በሕክምና ምርመራ ወይም በሥራ ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል ይከለክላል። መንፈሱ ግልጽ ነው። ክለቡ ከመፈረሙ በፊት ማጣራት ያለበትን ከፈረመ በኋላ ሰበብ አያደርገውም።

«በነፃ ይሄዳል» ያለው ደግሞ ግማሹን አግኝቶታል። በራሱ ጊዜ የሚሆን ነገር ግን አይደለም። የፊፋ ዳኞች በተደጋጋሚ የያዙት አቋም አለ። ተጫዋች ከደመወዙ ሌላ የመወዳደር ዕድል የማግኘት መሠረታዊ መብት አለው። ክለቡ ካላስመዘገበው ያን መብት ነጥቆታል። ስለዚህ ተጫዋቹ በቂ ምክንያት አለኝ ብሎ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ካቋረጠ በኋላ ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል። ከቀድሞ ክለቡም የቀረውን የውል ዘመን መሠረት አድርጎ ካሳ ይጠይቃል። አዲሱ ክለብ የሚከፍለው ግን ከካሳው ይቀነሳል።

የስፔን ሕግም ከዚህ አይርቅም። ስፔን የባለሙያ ስፖርተኞችን ሥራ የሚገዛ የራሱ ድንጋጌ አላት፤ የ1985ቱ ንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር 1006። ስፖርተኛው በሥራው ላይ በትክክል የመሰማራት መብት እንዳለውና ቅጣት ወይም ጉዳት ከሌለ ከልምምድ እንደማይገለል ይደነግጋል። የተጫዋቹና የክለቡ አገር አንድ ከሆነ ክርክሩ በአብዛኛው የሚታየው በአገር ውስጥ ነው። ፊፋ ጋ የሚሄደው ዓለም አቀፍ ገጽታ ያለው ጉዳይ ነው። እዚያም ቢሆን የ2 ዓመት ገደብ አለ። ቀን ማስላት የረሳ ባለመብት ባዶ እጁን ይቀራል።

ክለቡስ? ተጫዋቹ ጥሎት ቢሄድም ለሻጩ ክለብ ያለበት ዕዳ አብሮ አይሄድም። ለገዛበት የቀረውን ክፍያ ይከፍላል። ከ30 ቀን በላይ ቢያዘገይ ሻጩ በጽሑፍ 10 ቀን ሰጥቶት ፊፋ ጋ ሊከሰው ይችላል። ደጋፊ ስሙን ማሊያ ላይ አትሞ ሲጠብቅ ክለቡ ግን ተጫዋቹንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል።

ጣሪያው ሕጋዊ ነው ወይ ላሉት ደግሞ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ማን ተስማማበት የሚለውን ነው። ተወዳዳሪ ድርጅቶች ተሰብስበው «ለሠራተኛ ከዚህ በላይ አንከፍልም» ቢሉ በሌላ ሥራ መስክ ወዲያው ክስ ያመጣል። ስፖርት የተለየ የሚሆነው ዓላማው ቅን፣ ገደቡም ከዓላማው ያላለፈ ሲሆን ነው። ተጫዋቾቹም መደመጥ አለባቸው። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ጣሪያውን የጀመረው በ1994 በ34.6 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ2025 ጣሪያው 279.2 ሚሊዮን ደርሷል። እዚያ የጸናው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በኅብረት ስምምነት ተደራድረውበት ስለሆነ ነው። ተጫዋቾቹ ጣሪያውን ሲቀበሉ በምትኩ ውላቸው ሲያልቅ ክለብ የመምረጥ ነፃነትና ከገቢው ድርሻ አገኙ።

እንግሊዝ ውስጥ የሆነው ተቃራኒው ነው። በነሐሴ 2020 የሦስተኛና የአራተኛ እርከን ክለቦች ድምፅ ሰጥተው ጣሪያ አወጡ። ለሊግ ዋን 2.5 ሚሊዮን፣ ለሊግ ቱ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ። የተጫዋቾች ማኅበሩ ተቃወመ። በየካቲት 2021 የግልግል ዳኞች ጣሪያውን ሻሩት። ምክንያቱ ተጫዋቾቹን በሚገባ ሳያማክሩ መወሰናቸው ነበር። እኔ በዚህ ውሳኔ በጣም ደስ ይለኛል። ሊግ ቱ ውስጥ የሚጫወተው ሰው ሚሊየነር አይደለም። ቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ውሉ በየዓመቱ የሚያልቅበት ሠራተኛ ነው። ስለ ጣሪያ ስናወራ ዓይናችን ሁሌ ትልልቆቹ ስሞች ላይ ነው። ጣሪያው የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ያሉትን ነው።

ሜሲን በተመለከተ ቁጭትዎ ይገባኛል። የባርሴሎና ልክ በ2019/20 ወደ 671 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በመስከረም 2021 ወደ 97 ሚሊዮን ወርዶ ታወጀ። ፕሬዚዳንቱ ላፖርታ ያኔ እንደተናገሩት ሜሲ ሳይቆጠር እንኳ ደመወዝ ከገቢው 95 በመቶ ይወስድ ነበር። የሜሲ ውል ሰኔ 30 አልቋል። ነሐሴ 5 መለያየቱ ተነገረ። በነፃ ይጫወት ማለት ግን በሕግ ቀላል አይደለም። በፊፋ ደንብ ባለሙያ ተጫዋች የሚባለው የጽሑፍ ውል ያለውና ለእግር ኳሱ ካወጣው ወጪ በላይ የሚከፈለው ነው። በስፔንም በኅብረት ስምምነት የተወሰነ የደመወዝ ወለል አለ። ጣሪያ እንዳለ ሁሉ ወለልም አለ። ወለሉ የተሠራው ስም የሌለውን ተጫዋች ለመጠበቅ ነው። ለሜሲ ተብሎ ቢነሳ ነገ ክለብ ሁሉ ወጣቱን «ክለብህን ከወደድክ በነፃ ፈርም» ይለዋል።

አሁን ወደ እህትዎ ልጅ። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

«በእኛ መካከል የሚቀር» ወረቀት የሚዘጋጀው ሊጉን ለማታለል ነው። ክለቡ ትንሹን ቁጥር ለሊጉ ያሳያል፤ ትልቁን በኪሱ ይይዛል። ልጁ ሲፈርም የሚታየው ትልቁ ቁጥር ነው። እኔ የማየው ገንዘቡ የቀረ ቀን ነው። ክለቡ ሁለተኛውን ክፍያ ሲያቆም ልጁ ለማን አቤት ይላል? ሊጉ ጋ ቢሄድ ደንብ መጣሱን በራሱ አፍ ይመሰክራል። ፍርድ ቤት ቢሄድ ክለቡ «የውሉ ዓላማ ሕገወጥ ስለሆነ ፈራሽ ነው» ሊል ይችላል። ወረቀቱን አርቅቆ ያመጣው ራሱ ክለቡ ሆኖ ሳለ ይህን ክርክር ያነሳል። ግብር ያልተከፈለበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጉዳት ደርሶበት ካሳ ሲሰላም የሚያዘው በተመዘገበው ትንሽ ደመወዝ ሊሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

አንዳንዴ ወረቀቱ «የምስል መብት ውል» የሚል ስም ይሰጠዋል። ስሙ አያታልላችሁ። እውነተኛ የምስል መብት ውል አለ። ነገር ግን የፊፋ ዳኞች በተለየ ወረቀት የተጻፈ የምስል መብት ክርክርን በመርህ ደረጃ አያዩም። የሥራ ውሉ አካል መሆኑን የሚያሳይ ነገር ከሌለ ይመልሱታል። ልጁ ከገንዘቡ ግማሹን የሚያስከፍልበት በር ሊጠፋው ይችላል።

ቅጣቱም ክለቡ ላይ ብቻ አይቆምም። በአውስትራሊያ የራግቢ ሊግ ሜልበርን ስቶርም በ2010 ከጣሪያው በላይ የሚከፍልበት ድብቅ አሠራር ተገኘበት። የ2007ና የ2009 ዋንጫዎቹ ተነጠቁ። የቀረውን የዚያን ዓመት ውድድር ያለ ነጥብ ተጫወተ። ቢያሸንፉም ዜሮ፣ ቢሸነፉም ዜሮ። በየሳምንቱ ትከሻቸውን እየሰጡ ሜዳ የገቡት ተጫዋቾቹ ናቸው።

ስለዚህ ልጁ ለክለቡ እንዲህ ይበል፦ «የምትከፍሉኝን ሁሉ ሊጉ በሚያየው ውል ላይ ጻፉልኝ።» የፊርማ ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የግብ ጉርሻ፣ ሁሉም በአንድ ሰነድ ይግባ። ጣሪያው አይፈቅድም ካሉት ክለቡ ያን ገንዘብ ቃል መግባት አይችልም ማለት ነው። ያኔ በሚፈቀደው ደመወዝ ይደራደር። የውሉን ዘመን ያሳጥር። ወይም በተወሰነ ቀን ካልተመዘገበ ካሳውን ይዞ ያለ ክፍያ የመልቀቅ መብት ይጠይቅ። እነዚህ በግልጽ የሚጻፉ ናቸው። በጽሑፍ ያልሰጡትን በቃል አይመን። የፈረመውን ሁሉ ቅጂ እዚያው ተቀብሎ ይውጣ። «በኋላ እንልክልሃለን» ካሉት ቅጂው እስኪሰጠው ከወንበሩ አይነሳ።

ምናልባት ደውለው ሲያገኙት ፈርሞ ከሆነ አይቆጡት። ወጣት ነው፤ ክለብ ፊት ብቻውን ተቀምጦ ነው የፈረመው። ወረቀቱንም አይቅደድ። የሁለቱንም ሰነዶች እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሳ፤ ገንዘብ የተቀበለበትን የባንክ ማስረጃና የተጻጻፉትን መልእክት ያስቀምጥ። ከዚያ ክለቡ ባለበት አገር የሚሠራ የስፖርት ወይም የሥራ ሕግ ጠበቃ ጋ ይሂድ። ሊጉ ራሱ ከማግኘቱ በፊት ቀድሞ የቀረበ ተጫዋችና በምርመራ የተያዘ ተጫዋች እኩል አይታዩም። ከዚያ በፊት ሰነዶቹን ለእኔ ከላኩልኝ ጠበቃውን የሚጠይቁትን ጥያቄ አብረን እናዘጋጃለን።