ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው ወደ ውጭ ለሚበሩ፦ ስለ ኤርፖርት ፍተሻ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አሜሪካ ላለችው ልጄ በርበሬ፣ ሽሮና ቅቤ በእጅ ሻንጣ ብይዝ ይከለክሉኛል? (አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እናቴ፣ ሦስቱንም ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ቢያደርጓቸው ይሻላል። ቅቤና ማር በፍተሻ ላይ ከፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ ፈሳሽ ደግሞ በአብዛኞቹ ኤርፖርቶች በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው መያዣው ከ100 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ ነው። ደንቡ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ከለንደን የሚነሡ አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ ለማጋየት የተጠነሰሰ ሴራ ከተደረሰበት በኋላ ነው። የሚታየው የመያዣው ልክ ስለሆነ፣ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ቢቀርም አያልፍም። በርበሬና ሽሮን በተመለከተ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ በእጅ የተያዘ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር ከበለጠ፣ ማለትም ከአንድ የለስላሳ ጣሳ ጥቂት ከፍ ካለ፣ ተጨማሪ ምርመራ ሊደረግበት፣ ምንነቱ ካልተለየም ሊከለከል ይችላል። ቋንጣም ሊይዙ ካሰቡ ግን እዚሁ ይተዉት፤ ፍተሻውን ቢያልፍ እንኳ አሜሪካ ሲደርሱ ጉምሩክ ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ የቤት አረቄስ?

መልስ፦ የአልኮል መጠኑ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ በጭነት ሻንጣ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ሆኖም በፋብሪካ እንደታሸገ መሆን አለበት። በሃይላንድ የተቀዳ አረቄ፣ ምንም ያህል ቢጣራ፣ ይህን አያሟላም።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንክ የት ይቀመጥ?

መልስ፦ በእጅ ሻንጣ ብቻ፤ ባትሪው እሳት ቢያስነሳ በጭነት ክፍል ውስጥ ፈጥኖ የሚደርስለት የለም። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) የተጻፈበት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት (Wh፣ የባትሪ ጉልበት መለኪያ) ገደማ በመሆኑ ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያዘው ከ100 ዋት ሰዓት በታች ነው።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። በመፈተሻው በር ማለፍ ፅንሱን ይጎዳል?

መልስ፦ አይጎዳም፤ የብረት መፈተሻው በር የሚሠራው በደካማ መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ ኤክስሬይ የሚያልፍበት ሻንጣው ብቻ ነው። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ግን አስቀድሞ ለፈታሹ መናገር ይገባዋል። በእጅ መፈተሽ ካስፈለገ ፈታሿ ሴት እንድትሆን፣ ከሰው ዐይን ገለል ባለ ስፍራም እንዲደረግ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ቤይሩት ላለች እህቷ የተሰፋ ጥቅል አደራ ሰጥታኛለች። እንዴት እምቢ ልበል?

መልስ፦ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር አደራን መግፋት ነውር መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ጥቅሉን ሳይፈታ ይጭናል፤ በሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ስም ግን የተጓዡ ነው፣ አደንዛዥ ዕፅ ቢገኝበትም መጀመሪያ የሚያዘውና የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ጎረቤትሽ ባለችበት ስፌቱን ፍቺው፤ የልብሱን ጠርዝ፣ የጫማውን ሶል፣ የበርበሬውን መሐል ሳይቀር እያያችሁ አብራችሁ መልሳችሁ ጠቅልሉት። «ሻንጣውን ማን አዘጋጀው?» ተብለሽ ብትጠየቂ ያለ ፍርሃት «እኔ» ለማለት የምትችዪው ያን ጊዜ ነው። መከፈቱ ቅር ካሰኛት ዕቃውን መልሺላት፤ ቅሬታዋ ከእስር ይቀላል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን በስንት ሰዓት ልነሣ?

መልስ፦ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመው ቦሌ መድረስ አለብዎት። ፍተሻው መግቢያው በር ላይም ከመሳፈሪያው በፊትም ስላለ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ፤ ሳንቲምና ቁልፍዎንም ከሰልፉ በፊት ከኪስዎ አውጥተው በእጅ ሻንጣዎ ውስጥ ያስገቡ።