ኤንቪዲኤ አማርኛውን ሲዘለው፣ ድረ ገጽ ላይም ታብ ማለቂያ ሲያጣ

እህቴ፣ ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው፦ ለብቻው የቁጥር ሰሌዳ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ጭነሻል፤ እንግሊዝኛውን ያነባል፣ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ድረ ገጽ ስትከፍቺ ታብ እየተጫንሽ ዋናው ጽሑፍ ጋ መድረስ አቅቶሻል። አንዳንዴም ቅጽ ስትሞዪ የምትነኪው ፊደል አይጻፍም። ስለዚህ የሚሸጠውን ሌላ ስክሪን ሪደር፣ ጃውስን፣ ልግዛ ወይ ብለሻል። ለዚህ ብለሽ አትግዢ። ከጃውስ ጋር የሚመጣው ኤሎኩዌንስ የሚባለው ድምፅም አማርኛ አያውቅም፤ የታብ ጣጣውም እዚያ ይከተልሻል። የቸገረሽ ፕሮግራሙ ሳይሆን የድምፅ ምርጫውና የአካሄድ ስልቱ ነው።

መጀመሪያ የኤንቪዲኤ ቁልፍ የሚባለውን እናስተካክል፤ ትእዛዙ ሁሉ የሚጀምረው በእሱ ነው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጫን ይህ ቁልፍ ኢንሰርት ነው፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ግን ኢንሰርት ጥግ ውስጥ የተወሸቀ ወይም ከኤፍኤን ጋር ካልሆነ የማይሠራ ነው። ኢንሰርትን ይዘሽ ኤንን ተጫኚ፣ ምናሌው ይከፈታል፤ ፕሪፈረንስስ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኪቦርድ። ሌይአውቱን (የትእዛዝ ቁልፎቹን አደላደል) ላፕቶፕ አድርጊው፤ የኤንቪዲኤ ቁልፎች ዝርዝር ውስጥም ካፕስ ሎክን በስፔስ ምልክት አድርጊበት። ከዚያ በኋላ ካፕስ ሎክን ለራሱ ሥራ ስትፈልጊው ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚሁ ላይ ነው። አብዛኛው የማስተማሪያ ጽሑፍ የተጻፈው ለዴስክቶፕ ሌይአውት ነው። እዚያ ሁሉንም አንብብ ማለት የኤንቪዲኤ ቁልፍና የታች ቀስት ሲሆን በላፕቶፕ ሌይአውት የኤንቪዲኤ ቁልፍና ኤ ነው፤ ያለሽበትን መስመር ለመስማት ደግሞ ከኤል ጋር። አንድ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ስትጠራጠሪ የኤንቪዲኤ ቁልፍና 1 ተጫኚ፤ ከዚያ የምትነኪው ቁልፍ ሥራውን ሳይሠራ ስሙንና ተግባሩን ብቻ ይነግርሻል። ለመውጣት ያንኑ መድገም ነው።

ወደ አማርኛው እንምጣ። ስክሪን ሪደሩና ድምፁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኤንቪዲኤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለቅሞ ለሲንተሳይዘር ያቀብላል፤ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ሲንተሳይዘሩ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኤንቪዲኤ ሲጫን የሚመርጠው የዊንዶውሱን ዋንኮር ድምፅ ነው፤ እሱ ውስጥ አማርኛ የለም። የማያውቀው ፊደል ሲቀርብለት አልፎት ይሄዳል። ደግነቱ አማርኛ የሚያነበው ኢስፒክ ኤንጂ ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ ስለሚመጣ የምታወርጂው ነገር የለም። የኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ኤስ በአንድ ላይ ተጫኚ፤ ከዝርዝሩ ኢስፒክ ኤንጂን መርጠሽ ኢንተር። ቀጥሎ የኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ቪ፤ ቮይስ የሚለው ዝርዝር ላይ አማርኛን ፈልጊ። የላቲን ፊደል ሲያጋጥመው እንደ እንግሊዝኛ ያነበዋል፤ ስለዚህ የተቀላቀለ ጽሑፍ አያስቸግርሽም። በመጨረሻ የኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ሲ ተጭነሽ ቅንብሩን አስቀምጪ።

ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፤ መጀመሪያ ጆሮ ላይ ይከብዳል። ሆኖም ፍጥነቱ ሲጨመር ቃላቱ ተለይተው መሰማታቸውን አያጡም። ሰው ሰው የሚሸተው ድምፅ ለረጅም ንባብ ደስ ይላል፣ ለሥራ ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ፍጥነቱን ዝቅ አድርገሽ ጀምሪና ጆሮሽ ሲለምድ በየጥቂቱ ጨምሪ።

እዚያው የድምፅ ቅንብር ውስጥ በራሱ ቋንቋ የሚቀይር ምልክት ማድረጊያ አለ። የሚሠራው ገጹን የሠራው ሰው ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሆነ በኮዱ ውስጥ ከገለጸ ብቻ ነው። አማርኛ ገጽ ሆኖ እንግሊዝኛ ተብሎ የተመዘገበ ሞልቷል፤ ያኔ ድምፁ ሳትፈልጊ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጥና ንባቡ ይበላሻል። አንድ ገጽ ላይ ብቻ አማርኛው ከተበላሸብሽ ይህን ምልክት አንሺው። ለእንግሊዝኛ የለመድሽውን ድምፅ ማጣት ካልፈለግሽ ደግሞ በኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ፒ ለአማርኛ የራሱን ፕሮፋይል (ለብቻው የሚቀመጥ ቅንብር) ፍጠሪና ምናሌው ላይ ፕሪፈረንስስ ሥር ባለው ኢንፑት ጀስቸርስ ውስጥ አቋራጭ ቁልፍ ስጪው።

ሁለት ነገር ከአሁኑ እወቂ። አማርኛ ስንጽፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማንለይ ድምፁ አንዳንዱን ቃል አላልቶ ይጠራዋል፤ ይህን የሚያስተካክል ቅንብር የለም። ሌላው፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት በጆሮ አይለዩም። ሰነድ አርመሽ የምትልኪ ከሆነ ጠቋሚውን ፊደሉ ላይ አድርገሽ የኤንቪዲኤ ቁልፍንና ነጥብን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኚ፤ የፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚለይበትን ቁጥር፣ ይነግርሻል። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው፤ ሠ 4640፣ ሰ 4656፤ አ 4768፣ ዐ 4816፤ ጸ 4920፣ ፀ 4928። እነዚህ የግዕዞቹ ናቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ አንድ አንድ ይጨምራል። ስትጽፊም አንድ ፊደል በሁለት ቁልፍ ስለሚሠራ የየፊደሉ ድምፅ መደናበር ብቻ ያመጣል። የኤንቪዲኤ ቁልፍና 2 እየተጫንሽ አጥፊውና መስመሩን ስትጨርሺ በኤንቪዲኤ ቁልፍና ኤል አስነብቢው።

አሁን ድረ ገጽ። ታብ የሚቆመው ሊንክ፣ ቁልፍና መሙያ ላይ ብቻ ነው፤ ተራ ጽሑፍ ላይ በፍጹም አይቆምም። ስለዚህ በታብ ጽሑፍ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ኤንቪዲኤ ድረ ገጽ ላይ ሁለት ሁኔታ አለው። ብራውዝ ሞድ ላይ ስትሆኚ ፊደሎች መጓጓዣ ይሆናሉ፦ ኤች ወደሚቀጥለው ርዕስ፣ ከ1 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች በደረጃ ወደተለዩ ርዕሶች፣ ኬ ወደ ሊንክ፣ ኤፍ ወደ ቅጽ መሙያ፣ ቢ ወደ ቁልፍ፣ ቲ ወደ ሠንጠረዥ፤ ከሺፍት ጋር ሲሆኑ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ዜና ለምታነቢው በጣም የምመክርሽ ኤንን ነው፤ የተደረደሩትን ሊንኮች ዘሎ ሊንክ ያልሆነ ጽሑፍ ላይ ያደርስሻል። አዲስ ገጽ ሲከፈት በ1 ዋናውን ርዕስ ያዢ፣ ከዚያ የኤንቪዲኤ ቁልፍና ኤ። ርዕስ ያልተደረገለት ገጽ ከሆነ የኤንቪዲኤ ቁልፍና ኤፍ7 የሊንኮቹን ዝርዝር ያወጣልሻል፤ የመጀመሪያውን ፊደል ስትነኪ ወደዚያ ይዘላል።

ፎከስ ሞድ ደግሞ መጻፊያ ነው። ቅጽ ላይ ፊደሉ አልጻፍ ያለሽ ብራውዝ ሞድ ላይ ሆነሽ ስለምትነኪ ነው፤ ኤችን የነካሽው ለመጻፍ ቢሆንም እሱ ርዕስ ፍለጋ ሄዷል። መሙያው ላይ ስትደርሺ ኢንተር፣ ወይም የኤንቪዲኤ ቁልፍና ስፔስ። ሞዱ ሲቀየር ሁለት የተለያዩ አጫጭር ድምፆች አሉ፤ ለይተሽ ልመጃቸው። ለመውጣት ኢስኬፕ።

ሠንጠረዥ ውስጥ በኮንትሮል፣ አልትና ቀስት ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ትሄጃለሽ። አንድ ወጥመድ አለው፦ ቆየት ያለ የኢንቴል ግራፊክስ ሶፍትዌር ያለባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ያው ጥምረት ስክሪኑን ይገለብጠዋል። አንቺ ምንም ሳይታወቅሽ የሚያይ ሰው ተበላሸ ሊልሽ ይችላል። ኮንትሮል፣ አልትና የላይ ቀስት ይመልሰዋል፤ ለዘለቄታው ግን የግራፊክሱ ቅንብር ውስጥ ሆት ኪ የሚለውን ማጥፋት ነው።

ድምፁ ድንገት ጭራሽ ከጠፋ ወዲያው ኮምፒውተሩን አታጥፊ። አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅሽ የኤንቪዲኤ ቁልፍንና ኤስን ነክተሽ ነው፤ እየደጋገምሽ ስትጫኚው ይመለሳል። አንድ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ዝም ካለ የኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ሺፍትና ዜድ እንቅልፍ ላይ አድርጎት ይሆናል፤ ያንኑ ድገሚ። ያ ካልሆነ ኮንትሮል፣ አልትና ኤን ኤንቪዲኤን እንደገና ያስነሳዋል። ሁለት ድምፅ እየተደራረበ ከሰማሽ የዊንዶውሱ ናሬተር ተነስቷል፤ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ኢንተር ያጠፋዋል። የየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ እየተቆረጠ የሚሰማሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብሉቱዝ ማዳመጫው ነው፤ ዝምታ ሲኖር ይተኛና ሲነቃ የመጀመሪያውን ቃል ይበላል። ባለ ገመድ ተጠቀሚ።

ይህን ሁሉ አድርገሽም የማይነበብ የአማርኛ ሰነድ ይገጥምሻል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተተየበ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ትርጉም የለሽ የፊደል ጋጋታ ከሰማሽ ይህ ነው፣ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ደግሞ ፎቶ ነው። የኤንቪዲኤ ቁልፍና አር የሚጠራው የዊንዶውስ ኦሲአር (ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚለቅም መሣሪያ) አማርኛ አይለይም፤ ነፃ የሆነው ሌላ ኦሲአር፣ ቴሰራክት፣ ግን የአማርኛ ዳታ አለው። ከንባቡ ስህተት አይጠፋም፤ ስምና ቁጥር ያለበትን ቦታ በሚያይ ሰው አረጋግጪ።

ጃውስን የማስበው መሥሪያ ቤትሽ በኤንቪዲኤ የማይነበብ የራሱ ፕሮግራም ካለውና ለእሱ የጃውስ ስክሪፕት (ጃውስ ያንን ፕሮግራም እንዲያነብ የሚረዳው ተጨማሪ ኮድ) የተጻፈ ከሆነ ነው። ሳትገዢም በየ40 ደቂቃው ኮምፒውተሩን ዳግም እያስነሳሽ መሞከር ትችያለሽ፤ ያንን ፕሮግራም ከፍተሽ በሁለቱም አወዳድሪ። ኢስፒክን መርጠሽም አማርኛው ዝም ካለ የዊንዶውስሽንና የኤንቪዲኤሽን እትም ጻፊልን፤ ዊንዶውስ 7 ከሆነ ከ2024.1 ጀምሮ ያሉት የኤንቪዲኤ እትሞች አይጫኑበትም፣ የ2023.3ን ነው የምትፈልጊው።