የእማዬ አልበምና የጠፋችው «ም»

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ከምትኖር አንባቢ ነው። ለእናቷ 60ኛ ዓመት ልደት በፎቶሾፕ አልበም እየሠራች ነው። እንዲህ ትላለች፦

«ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል በተነሳነው ፎቶ ላይ ‘እማዬ፣ ያንቺን ውለታ መቼም አልረሳም’ ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ ከግራ ደምቆ ጀምሮ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቀስ እያለ ፎቶው ውስጥ እንዲጠፋ ነው የፈለግኩት። ኦፓሲቲውን (የድምቀቱን መጠን) ስቀንስ ሁሉም እኩል ይደበዝዛል። በማጥፊያው፣ በኢሬዘር ልሞክር ስል ‘ጽሑፉ ራስተራይዝ ይደረግ?’ አለኝ፤ እሺ አልኩ። ጠርዙ ተቦጫጨቀ። ይባስ ብሎ ‘ውለታ’ን ‘ወለታ’ ብዬ ጽፌው ኖሮ ማረም አልቻልኩም። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ኢሬዘሩን መልሺው። ይሄ የማጥፋት ሥራ አይደለም፤ የመሸፈን ነው።

ኦፓሲቲ የሚሠራው በመላው ሌየር (ጽሑፉ ባረፈበት ንብርብር) ላይ ስለሆነ «እዚህ ጋ ቀንስ፣ እዚያ ጋ ተው» ብትይው አይሰማሽም። ራስተራይዝ ደግሞ ፊደሉን ሥዕል ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ፎቶሾፕ «ወ»ን በፊደልነቱ አያውቀውም፤ የሚያየው የቀለም ነጠብጣብ ነው። ኮንትሮል ዜድ የሚመልስሽ ፋይሉን ካልዘጋሽው ብቻ ነው። ከዘጋሽው አትድከሚ፣ እንደገና ጻፊው። አንድ መስመር ነው።

የጠርዙ መቦጫጨቅ ግን ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ኢሜጅ ሳይዝ የሚለውን ክፈቺና የገጹን መጠን እዪ። 30 ሴንቲሜትር ጎን ያለው ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3,543 ፒክስል ይሆናል። በ72 ከጀመርሽው ግን 850 ገደማ ብቻ ነው። በዚያ መጠን ሥዕል የሆነ ጽሑፍ በኋላ ብትለጥጪው አይድንም። ገና ጽሑፍ ሆኖ ያለው ግን ገጹን ስታሳድጊው ጥርት ብሎ አብሮ ያድጋል።

አሁን ወደ ማስክ እንምጣ። ማስክ በሌየሩ ላይ የሚጋረድ መጋረጃ ነው። ነጭ የሆነው ቦታ ያሳያል፣ ጥቁሩ ይደብቃል፣ ግራጫው እንደ ጥቁረቱ መጠን ያደበዝዛል። ጽሑፉ ከሥሩ ምንም አልሆነም። የጽሑፉን ሌየር ምረጪ። ከሌየር ፓነሉ ግርጌ መሃሉ ላይ ክብ ያለበት አራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ እሱን ጫኚ። ከጽሑፉ ጎን ነጭ ሳጥን ይመጣል። ሳጥኑን አንዴ ንኪው፤ ዙሪያው መስመር ካልታየ አልተመረጠም ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ «D»ን ጫኚ፤ ቀለሞቹ ወደ ነጭና ጥቁር ይመለሳሉ። «G»ን ስትጫኚ ግራዲየንቱ (ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚሸጋገረው) ይመጣል። ከላይ ካሉት ምርጫዎች ከፊት ቀለም ወደ ኋላ ቀለም የሚሄደውን ውሰጂ። ሺፍትን ይዘሽ ማውሱን ጎትቺ። ሺፍቱ መስመሩ ቀጥ እንዲል ነው።

ከየት ጀምረሽ የት ነው የምታቆሚው? ድብዘዛው የሚጀምረው ማውሱን ከተጫንሽበት ነጥብ ነው። «እማዬ» ላይ ከጀመርሽ «እማዬ» ራሷ መገርጣት ትጀምራለች። እናትየውን እዚያ አታገርጫት! ደምቆ እንዲቆይ ከምትፈልጊው የመጨረሻ ፊደል ላይ ጀምሪ። ስታቆሚም የጽሑፉ ጫፍ ላይ አታቁሚ፤ የሁለት የሦስት ፊደል ያህል አልፈሽ ልቀቂው። ያኔ የመጨረሻው ፊደል ስስ ሆኖም ይታያል። ካላማረሽ እንደገና ጎትቺ። አዲሱ ግራዲየንት የድሮውን ይተካዋል እንጂ ላዩ ላይ አይደራረብም።

«ወለታ»ንም አሁን ገብተሽ ማረም ትችያለሽ፤ ማስኩ ቦታው ላይ ይቆያል። ቃል ከጨመርሽ ግን አዲሱ ቃል ጨለማው ውስጥ ይገባልና ግራዲየንቱን እንደገና ሳቢው።

እስካሁን ያልኩሽን ማንም የፎቶሾፕ አስተማሪ ይነግርሻል። የሚቀጥለው ግን የኛ ፊደል ጣጣ ነው።

አማርኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አንቺ እንዳሰብሽው ከግራ ወደ ቀኝ ካደበዘዝሽው ገጹ ላይ ደምቆ የሚቀረው «እማዬ፣ ያንቺን ውለታ መቼም» ነው። መቼም ምን? መቼም አልከፍልም? ማሰሪያው «አልረሳም» ነው፤ እሱ ጭጋግ ውስጥ ገባ። ጫፉ ላይ ያለችው «ም» ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ትጠፋለች። ስለዚህ አቅጣጫውን ብትገለብጪው እመክርሻለሁ። ማውሱን ከቀኝ ወደ ግራ ጎትቺ። ጽሑፉ ከጭጋግ ወጥቶ «አልረሳም» ላይ ሲደምቅ የሚያምር ይመስለኛል። «እማዬ»ን ደግሞ ለብቻዋ በሌላ ሌየር፣ ከፍ አድርገሽ፣ ሳታደበዝዢ ጻፊያት።

ከታች ወደ ላይ ማደብዘዝን ደግሞ አንድ መስመር ባለው ጽሑፍ ላይ አትሞክሪው። እኔ ሞክሬ ተቀጥቻለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ የሰርግ አልበም «የሙሽሪት ቤተሰብ» ብዬ ጻፍኩና የፊደሎቹ እግር ውሃ ውስጥ የገባ እንዲመስል ከሥር አደበዘዝኩት። ስክሪን ላይ ልዩ ነበር። ታትሞ ሲመጣ የሙሽሪት አጎት መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው «የሙሽሪት በተሰብ» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ገጹን በራሴ ወጪ ነው ያሳተምኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ቢ»ን «ቢ» የሚያደርጋት እግሯ ላይ ያለችው ጭረት ናት። «ቤ»ን እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት። «ባ» እና «ቦ» የሚለዩትም የትኛው እግር እንደረዘመ ታይቶ ነው። እግራቸውን ስትቆርጪው አራቱም «በ» ይሆናሉ። «ቡ» እና «ብ» ግን ጭረታቸው ከእግራቸው ከፍ ብሎ ስለሆነ ይተርፋሉ። አራት አምስት መስመር ያለው ግጥም ከሆነ ግን ከላይ ወደ ታች ማደብዘዝ ችግር የለውም፤ እያንዳንዱ መስመር በአንድነት ስለሚሳሳ ፊደል አይቆረጥም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ነጭ እንደመረጥሽ ጠርጥሬያለሁ። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ከጀርባ አድርጎ የተነሳ ፎቶ ላይ ሰማዩም ውሃውም ነጥተው ነው የሚወጡት። ነጭ ጽሑፍ እዚያ ላይ ገና ሳይደበዝዝ ይጠፋል። ቀለም መቅጃውን፣ አይድሮፐሩን ያዥና ከፎቶው ላይ ጥቁር አረንጓዴ ካለው ዛፍ ቀለም ውሰጂ። ትልቁ የሐይቅ ዳር ወፍ አባ ኮዳ ፎቶው ውስጥ ከገባ ደግሞ የክንፉ ጥቁር ግራጫ አይከፋም፤ ለመልኩ ባይሆንም ለቀለሙ እንጠቀምበት።

ጽሑፉ ላይ ስትሮክ (የፊደሉን ዙሪያ የሚከብ መስመር) ጨምረሽ ከሆነ፣ ማስክ ስታደርጊ ዙሪያው እንግዳ ይሆንብሻል፤ ፎቶሾፕ የማስኩን ጠርዝ እንደ ፊደል ጠርዝ ስለሚቆጥረው ነው። ሌየሩን ሁለቴ ነክተሽ ብሌንዲንግ ኦፕሽንስ ውስጥ «ሌየር ማስክ ሃይድስ ኢፌክትስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ይስተካከላል።

ፎቶሾፑ የጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ፎቶፒ የሚባለው በብራውዘር በነጻ ይሠራል፤ የፎቶሾፕን የፒኤስዲ ፋይልም ይከፍታል። ማስኩም ያው ነው።

ከማሳተምሽ በፊት አንድ ነገር። ስክሪን ከጀርባው ብርሃን አለው፣ ወረቀት የለውም። ስክሪን ላይ «ደስ የሚል ስስ» የመሰለሽ ፊደል ወረቀት ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። እኔ መነበብ ያለበትን ፊደል ከ20 ፐርሰንት በታች አላወርድም። የደበዘዘውን ክፍል ብቻ ቆርጠሽ በ10 በ15 ሴንቲሜትር አንድ ፎቶ አሳትሚ። ከዚያ መብራት ሥር ሳይሆን መስኮት ጋ ወስደሽ እዪው። ከተቻለ የእናትሽን እድሜ የሚያክል ሰው ያንብብልሽ፤ የአንቺ ዓይን የጻፈውን ስለሚያውቅ የሌለውንም ያነባል።

ለፎቶ ላብ የምትሰጪው ጄፔግ ይሁን። ፎቶ ላቡ የአንቺ ፎንት (የፊደል ዓይነት) ከሌለው ፒኤስዲውን ሲከፍቱት ጽሑፍሽ ሊቀያየር ይችላል። ፒኤስዲውን ግን ከነሌየሩ አስቀምጪው፣ «ወለታ» ሌላ ገጽ ላይም ተደብቆ ሊሆን ይችላል።