ሌሊት ሲተኙ የሚቀሰቅስ የወገብና የጎን ሕመም፦ ኩላሊት ነው ወይስ ጀርባ?

«ኩላሊቴን ይቆርጠኛል» የሚል ሐበሻ ቦታውን አሳይ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ እጁን ቀበቶው ላይ ያሳርፋል። ኩላሊት ግን ከዚያ ከፍ ይላል፤ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ የመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች በከፊል ሸፍነውት ይቀመጣል። ከቀበቶ በታች፣ ከመቀመጫ በላይ የሚያመው በአብዛኛው የጡንቻ፣ የመገጣጠሚያ ወይም የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል) ሕመም ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የበሽታ ስም ይዛችሁ አትግቡ። ልብሳችሁን ገለጥ አድርጋችሁ በአንድ ጣት ቦታውን አሳዩ፤ መቼ እንደሚጀምርና ምን እንደሚያብሰው ተናገሩ። «ኩላሊት» ካላችሁ ሽንት ተመርምሮ «ደህና ነህ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ ጀርባችሁን ግን ማንም ሳያየው ይቀራል።

አልጋ ላይ እንዳላችሁ የምትሞክሩት ነገር አለ። በጎን ተኝታችሁ ጉልበታችሁን ወደ ደረት ሰብስቡ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላው ጎን ዙሩ። ስትገላበጡ ከባሰ፣ ወይም አንድ አተኛኘት ስታገኙ ከለቀቀ፣ ነገሩ ወደ ጀርባ ያጋድላል። የኩላሊት ሕመም አተኛኘት ቢቀያየር ግድ የለውም። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ጭራሽ መተኛት አይችልም፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ይንቆራጠጣል፤ ሕመሙ መጣ ሄድ እያለ ከጎን ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሽንት ቀላ ሊል ይችላል። ኢንፌክሽን ሲሆን ደግሞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ሽንት ያቃጥላል። በአንድ ጎን ብቻ፣ ቆዳው ላይ የሚያቃጥልና ልብስ ሲነካው የሚያም ከሆነ መብራት አብርታችሁ እዩት፤ በቀናት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ አልማዝ ባለጭራ ነው። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው።

የጀርባ ከሆነ ለማታው ይህን አድርጉ። በጎን የምትተኙ ጠንከር ያለ ትራስ በጉልበቶቻችሁ መካከል፣ በጀርባ የምትተኙ ከጉልበታችሁ ሥር አስገቡ። በሆድ መተኛቱን ተዉት። ስትነሱ ቀጥ ብላችሁ አትቀመጡ፤ መጀመሪያ ትከሻና ዳሌን አንድ ላይ ወደ ጎን አዙሩ፣ እግራችሁን ከአልጋው አውርዱ፣ ከዚያ በእጃችሁ ተገፍታችሁ ተነሱ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ሌሊቱን ውሃ ስለሚስብ ጠዋት ያበጠና የተወጠረ ነው። በተነሳችሁ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወለል ለመወልወል ወይም ሕፃን ለማንሳት አታጎንብሱ፤ ሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች ይህ ከባድ ምክር መሆኑ ይገባኛል፤ ቢያንስ የቆማችሁባቸውን ሥራዎች አስቀድሙ። ሙቀት ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ይረዳል፣ ሙቅ ውሃ የያዘውን የጎማ ኮዳ በፎጣ ጠቅልሉት እንጂ በቆዳ ላይ አታድርጉት። አልጋ ላይ ውሎ ማደር ጡንቻውን ያደክመዋልና በየቀኑ ተራመዱ። ፍራሽ ደግሞ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይሻላል፤ «ወለል ላይ ተኛ» የሚለው የድሮ ምክር ብዙዎችን ያብስባቸዋል። «ብርድ ነው የመታኝ» ብሎ ሳምንታት መጠበቅም እንዲሁ ነው፤ ብርድ ጡንቻን ሊያኮማትር ይችላል፣ ትኩሳትና የሽንት ማቃጠል ግን አያመጣም።

የማስታገሻ ጉዳይ ብዙ ጥፋት አለበት። አሜሪካ ታይሌኖል፣ እስራኤል አካሞል፣ ዓረብ አገር ፓናዶል የሚባሉት አንድ ናቸው፤ ፓራሲታሞል ነው። 500 ሚሊግራም ከሆነ ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ6 ፍሬ ባያልፍ መልካም ነው፤ ጉበት የታመመና አልኮል የሚያበዛ ሐኪም ይጠይቅ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ያንኑ ስለያዙ ድርብ እንዳይሆን ሳጥኑን አንብቡ። አድቪል፣ ብሩፈን፣ አሊቭ፣ ቮልታረን ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ ከእነዚህ ከአራቱ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። እነዚህ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። የደም ግፊት ኪኒንና ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ወይም በሙቀት ውሎ ውሃ ያጣ ሰው፣ «ኩላሊቴን አመመኝ» ብሎ ዳይክሎፌናክ (ቮልታረን ማለት ነው) ሲደጋግም ደህና የነበረውን ኩላሊት ራሱ ያሳምመዋል። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውም ቢሆን ያው ነው።

ሌላው አገር ቤትን የሚመለከት ነው፤ በውጭ ያሉ ሐኪሞችም ሳይጠይቁ ሊያልፉት ይችላሉ። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ አከርካሪም ውስጥ ይገባል፤ ከአገር ከወጣችሁ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊቀሰቀስ ይችላል። ሳል ላይኖር፣ የደረት ራጅም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሳምንታት የቆየ፣ በእረፍት የማይለቅ፣ ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም ከላብ፣ ከትኩሳት ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ «ኢትዮጵያ ተወልጄ አድጌያለሁ፣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነም አንሡ። ለእረፍት ገብታችሁ፣ ወይም ሳዑዲ ሆናችሁ፣ ያልፈላ የላም፣ የፍየል ወይም የግመል ወተት ከጠጣችሁም ተናገሩ። በእንዲህ ያለ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ወገብንና ዳሌን ይይዛል፣ ትኩሳቱ ሄድ መጣ ይላል፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፣ ሕክምናውም ሳምንታት ይወስዳል። ወጣት ሆናችሁ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ የሚቀሰቅሳችሁ፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚያደርቃችሁ፣ ስትንቀሳቀሱ ግን የሚሻላችሁ ከሆነ የመገጣጠሚያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጠጠር በገልፍ ሙቀት ለሚሠሩና ሽንት ላለመሄድ ብለው ውሃ ለሚቀንሱ ሾፌሮች ቅርብ ነው። በቀን 2.5 እስከ 3 ሊትር ጠጡ፣ ሙቀት ውስጥ ከዚያም በላይ፤ ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የደከመ ግን መጠኑን ከሐኪም ይቀበሉ። ውሃውን በቀኑ ውስጥ አከፋፍሉት፤ ሽንቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሲሆን በቂ ነው። ጨው ቀንሱ፣ ወተትና እርጎ ግን አትተዉ፤ ካልሲየም የሌለው ምግብ ጠጠርን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቢራ ጠጠር ያወርዳል የሚለውን አትስሙ። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ በወንፊት ላይ ሽኑና ፍሬውን ለምርመራ ያዙት።

ሳትጠብቁ የምትሄዱባቸው ሁኔታዎች አሉ፦ የጎን ሕመም ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ጋር (በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ)፣ ሽንት ማቆም፣ እግር መክዳት፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ማምለጥ። ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ድንገት ከባድ የወገብ ሕመም የያዘው ሰው፣ በተለይ አጫሽ ከሆነ፣ «ጠጠር ነው» ብሎ አይተኛ፤ ከልብ በሆድ በኩል የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ አብጦ ወይም ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ጥሪው አሜሪካ 911፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ሊባኖስ 140 ነው። አሜሪካ ድንገተኛ ክፍል መድን የለህም ብሎ ሳይመረምር መመለስ በ1986 ሕግ ተከልክሏል፤ አስተርጓሚም በነፃ ጠይቁ። አሠሪ አላምን ካለ ትኩሳታችሁን ለክታችሁ ቁጥሩን አሳዩ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቀስ በቀስ የሚደክም ኩላሊት በአብዛኛው አያምም። ስኳር ወይም ግፊት ያለባችሁ ቢያምም ባያምም በዓመት አንዴ በደም ክሪያቲኒን (ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ)፣ በሽንት ደግሞ አልቡሚን (ኩላሊት ሲጎዳ ወደ ሽንት የሚያልፍ ፕሮቲን) አስለኩ። ወረቀቱንም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ አዲስ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው ያለፈውን ዓመት ቁጥር ነው።