ፋብሪካው ሲሰፋ ሥራው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ ብየዳ ተምሬ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በአቅራቢያችን ያለው የብረት ፋብሪካ ፌሮ የሚያመርት አዲስ መስመር ሊጨምር ነው፤ «ለብዙ ወጣቶች የሥራ ዕድል ይፈጥራል» ብለዋል። ቤተሰቦቼ ጠብቅ ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ሁሉን ነገር ማሽን ነው የሚሠራው፣ አትልፋ» አለኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ማሽኑ ጓደኛህ እውነቱን ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ዶናቪትስ የሚገኘውን የፎስታልፒን ፋብሪካ እይ። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደተዘገበው፣ በዓመት 500,000 ቶን የብረት ሽቦ የሚያወጣውን አዲስ መስመር የሚያንቀሳቅሱት 14 ሰዎች ብቻ ናቸው። በ1960ዎቹ የተሠራ ተመሳሳይ ፋብሪካ እስከ 1,000 ሰው ይፈልግ ነበር።

መስመሩን በቅርብ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ቢሌቱ፣ ማለትም ፌሮ የሚሆነው ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ከምድጃ ሲወጣ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ግሏል፤ ሙቀቱ ከሩቅ ፊትህን ይገርፍሃል። በሮለሮቹ መካከል ባለፈ ቁጥር እየቀጠነ፣ እየረዘመ፣ እየፈጠነ ይሄድና ፌሮ ሆኖ ሲወጣ በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል። እዚያ አጠገብ ሰው መቆም የለበትም። ድሮ ይህን የጋለ ብረት በጉጠት እየያዙ ከአንዱ ሮለር ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ሰዎች ነበሩ፣ ዛሬም በትንንሽ ፋብሪካዎች አሉ፣ ተቃጥለው አካላቸው የጎደለም ብዙ ነው። ያ ሥራ ቢቀር እኔ አላዝንም።

«አትልፋ» ባለው ግን አልስማማም። አንዳንዴ ያ የጋለ ብረት መንገዱን ይስትና ወደ ላይ ተስፈንጥሮ እንደ ገመድ ይተበተባል። መስመሩ በሙሉ ቀጥ ይላል። ያኔ የሚጠራው በጋዝ ቆርጦ የሚያወጣ፣ የተጎዳውን የሚበይድ፣ ሮለር የሚቀይር፣ ሞተሩንና ኤሌክትሪኩን የሚያውቅ ሰው ነው። ጥገና ላይ ያለ ሰው ማለት ነው። አንተ ብየዳውን ይዘሃል፣ በላዩ ላይ ቶርኖ ወይም ሃይድሮሊክ ጨምርበት።

ደግሞ ግንባታው እስኪያልቅ አትጠብቅ። ሼዱ ሲቆም፣ የክሬኑ ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ቧንቧው ሲገጠም በያጅ በብዛት የሚፈለገው ያኔ ነው። ኮንትራት ነው፣ ሲያልቅ ያልቃል፤ ቢሆንም ግባ። ማሽኑ ሲተከል እዚያው የነበረ ሰው ብሎኑን ሳይቀር ያውቀዋል፣ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምርም መጀመሪያ የሚታወሰው እሱ ነው።

ስለ ማስፋፊያው ስትጠይቅ ሁለት ነገር አጣራ። የመጀመሪያው፣ ስንት ፈረቃ ይሠራል የሚለው ነው። በአንድ ፈረቃ ብቻ የሚሠራ ፋብሪካ ሁለት ቢጨምር፣ አዲስ ማሽን ሳይገዛ ለየፈረቃው ሙሉ ቡድን መቅጠር አለበት። እንዲህ ያለው ማስፋፊያ ሪባን አይቆረጥለትም፣ ሰው ግን በደንብ ያስገባል። ሁለተኛው መብራትና ጥሬ ዕቃ ነው። ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ለማቅለጥ ለ1 ቶን 400 ኪሎ ዋት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ይህ በአስተማማኝ ካልተገኘ አዲሱ መስመር ቆሞ ይውላል፣ የተቀጠረውም ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እኔ ላሜራና ቱቦላሬ ቆርጬ በርና መስኮት እሠራለሁ። ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ። የትልቁ ፋብሪካ መስፋት ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?

መልስ፦ ብዙ። እንዲያውም ብዙው ሥራ ያለው እርስዎ ጋ ይመስለኛል። ፋብሪካው ለአንድ ቶን ብረት የሰው ጉልበት የሚያጠፋው በጥቂት ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ያንኑ ቶን እናንተ ስትቆርጡት፣ ስታጥፉት፣ ስትበይዱት፣ ቀለም ቀብታችሁ ስትገጥሙት ስንት ቀን ይፈጃል? ኦክስፎርድ ኢኮኖሚክስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በብረት ኢንዱስትሪው ውስጥ ላሉ 2 ሥራዎች በአቅርቦት ሰንሰለቱ ሌላ 13 ሥራ ይደገፋል ብሏል። ጥናቱን ያሠራው የብረት አምራቾቹ ማኅበር ራሱ ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ እወስደዋለሁ። የሚያሳየው አቅጣጫ ግን በሥራ ቦታ ከማየው ጋር ይገጥማል።

ችግሩ ትልልቅ ፋብሪካዎች በብዛት ለሚገዛ ነው የሚሸጡት። ስለዚህ ከሦስት አራት የሙያ ጓደኞችዎ ጋር ሆናችሁ አንድ ላይ እዘዙ። ዕቃው ሲመጣም ውፍረቱን በካሊፐር ሳይለኩ አይረከቡ።