ማታ 3 ሰዓት ስትደውዪ፣ እሱ ጋ ሌሊት 8 ነው

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደሴ ሰው ነኝ፤ ሸዋ በር ነው የምኖረው። ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለችኝ። የመጀመሪያ ልጄ መስከረም ላይ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለሁለተኛ ዲግሪ ቻይና ሄደ። እንደሄደ ሰሞን በቴሌግራም በየቀኑ እንገናኝ ነበር። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ካገኘሁት ትልቅ ነገር ነው። ሱቄን ዘግቼ፣ ራት አቅርቤ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስደውል አያነሳም። ሲያነሳም "ደህና ነኝ፣ ኔትወርክ እምቢ አለኝ" ብሎ ይዘጋዋል።

ሌላም ጭንቀት አለብኝ። እሱን ያሳደገችው እናቴ በጥር መጀመሪያ ወደ አኼራ ሄደች። ፈተና ላይ ነው ብለን አልነገርነውም። ባገኘነው ቁጥር "እማማስ?" ይላል። "ተኝታለች" እንለዋለን። ወንድሜ "ተምሮ እስኪመጣ ዝም በሉት" ይላል። እኔ ግን ነገሩ አፌ ላይ እየመጣ እየዋጥኩት ልፈነዳ ነው። የአርባ ሰደቃዋም እየደረሰ ነው። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህቴ። እናትሽን አላህ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃቸው። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ከሰዓቱ ልጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። ቻይና ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። ያ ሁሉ ሰፊ አገር የሚጠቀመው አንድ ሰዓት ነው፤ በበጋም በክረምትም አይቀያየርም። አንቺ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስትደውዪ ልጅሽ ጋ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ልጁ ተኝቷል እህቴ። አልረሳሽም። ሱቅ ውስጥ ሆነሽ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደውዪለት፤ እሱ ጋ ማታ 3 ይሆናል፤ ከትምህርት ገብቶ፣ በልቶ ክፍሉ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። እሑድ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደውዪ፤ እሱ ጋ ቀን 7 ነው። ስትቀጣጠሩ ደግሞ "በደሴ ሰዓት" እያላችሁ ተነጋገሩ። የእሱ ስልክ ሌሊት 8ን 2፡00 ብሎ ነው የሚያሳየው። "ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ" ቢልሽ የትኛው ሁለት እንደሆነ እንዴት ታውቂያለሽ? ስንት እናት በዚህ የተነሳ ስልክ ታቅፋ አምሽታለች።

"ኔትወርክ እምቢ አለኝ" ሲልሽም አልዋሸሽም። ቻይና ውስጥ ቴሌግራም ዝግ ነው። ዋትሳፕም፣ ፌስቡክም፣ ጂሜይልም እንዲሁ። ተማሪዎቹ ቪፒኤን የሚባል፣ ዝጉን የሚያሳልፍ ፕሮግራም ጭነው ነው የሚያልፉት፤ እሱ ደግሞ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይቆማል። ልጅሽን በቴሌግራም ከምትጠብቂው አንቺ እሱ ወዳለበት ሂጂ። እዚያ ሁሉም ሰው የሚጠቀመው ዊቻት ነው። ስልክሽ ላይ ይጫንልሽ። አዲስ ስትከፍቺ አንዳንዴ ቀድሞ ዊቻት ያለው ሰው በስልኩ ስካን አድርጎ እንዲመሰክርልሽ ይጠይቃል። ፒያሳ ከቻይና ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች አሉልሽ፤ ከላኪዎቻቸው ጋር በዊቻት ነው የሚጻጻፉት። አንዱን ጠይቂ፣ እምቢ አይልሽም።

ዊቻት ላይ እንደ ቴሌግራም ድምፅ መላክ ይቻላል። ይህን በጣም ተጠቀሚበት። ጠዋት ሱቅ ስትከፍቺ አንድ ደቂቃ አውሪለት። "ዛሬ ይህን ሸጥኩ፣ እገሌ መጥታ ነበር፣ ብርዱ እንዲህ አድርጎናል" በይው። ሲመቸው ይሰማዋል። ሁሌ "ለምን አትደውልም?" የሚባል ልጅ ስልክ ማንሳት ይፈራል።

ኢሜይሉን ለሰነድ አድርጉት። የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና፣ የልደት ካርድ ሲጠየቅ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይሂድ። ጂሜይሉን ግን እዚያ እንደ ልብ ስለማይከፍት ዩኒቨርሲቲው የሰጠውን አድራሻ ተቀበዪው።

ወረቀት ደብዳቤ መላክ ካማረሽ ደግሞ አድራሻውን በቻይንኛ ጽፎ በዊቻት ይላክልሽ። ባለ 6 አሃዝ የፖስታ ቁጥሩን እንዳይረሳ። አሳትመሽ ፖስታው ላይ ለጥፊው፤ የእኛ እጅ ያንን ፊደል አይችለውም። እሱ ሲጽፍልሽ የሚላክበት የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያስፈልገዋል። የራስሽ ከሌለሽ ያለውን ዘመድ አስፈቅጂ። ይህ ሁሉ ከበዛብሽ በእጅሽ ጽፈሽ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። እጅ ጽሑፍሽን ማየቱ ነው ዋናው።

አንድ ነገር አትዘንጊ። የመስመር መቋረጥን ደሴ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ያየነውን አይተናል። እኔ ያኔ ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ነበርኩ። ጀርመን የምትማረው የእህቴ ልጅ የእናቷ ስልክ አልሠራ ሲላት በየቀኑ እኔ ጋ ትደውል ነበር። የምነግራት ነገር አልነበረኝም። ግን የሚያነሳላት ሰው ነበራት። በ2015 ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በኢንተርኔት ብቻ ይገናኝ የነበረ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ ልጅሽ ደሴ ያልሆነ አንድ ዘመድ ስልክ በወረቀት ጽፎ ይያዝ። አንቺም የእሱን የቻይና ቁጥር፣ የጓደኛውንም ጭምር፣ ሱቅሽ ደብተር ላይ ጻፊው። በ00 ወይም በመደመር ምልክት ጀምረሽ 86 ካስከተልሽ በኋላ ቁጥሩን ብትመቺ ያለ ኢንተርኔትም ይደወላል። ብሩ ይበላል፣ ግን ለክፉ ቀን ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ።

እኔ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት የሄድኩት በ1977 ነው። ኪየቭ ነበርኩ። የወሎን ረሃብ በሬዲዮ እየሰማሁ ከቤት ደብዳቤ እስኪመጣ ወር እጠብቅ ነበር። አባቴ የሚልክልኝ በኤሮግራም ነው፤ ያቺ ሰማያዊ፣ ስትታጠፍ ራሷ ፖስታ የምትሆን ወረቀት። ከላይ ጥግ ላይ ቀኑን ይጽፋል። ከዚያ "ለጤናህ እንደምን አለህ" ይላል። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ መስመር ስለ ጦሳ፣ ስለ ደሴው ተራራችን፣ ይጨምራል። "ዛሬ ጦሳ ጉሙን ጥሏል" ወይም "ጦሳን ካየነው ሦስት ቀናችን ነው" ይላል። እኔ ያንን መስመር ሳነብ ደጃችን ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

በ1978 ክረምት የመጣው ደብዳቤ ጦሳ አልነበረበትም። ቀጣዩም አልነበረበትም። ጽሑፉ የአባቴ ይመስላል፣ ፊርማውም የአባቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ እጁ ያምር ነበር፤ አስመስሎ ያወጣዋል። እኔም "አባዬ፣ ጦሳ እንዴት ነው?" ብዬ ጻፍኩ። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ መልሱ መጣ። "ጦሳ ደህና ነው" ይላል። ያኔ አባቴ እንደሞተ አወቅሁ።

ለማን ልንገር? አልተነገረኝማ። አልቅሼ እንዳልወጣው የሚያስተዛዝነኝ የለም። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ለሞተ ሰው "አባዬ፣ ደህና ነህ?" እያልኩ መመለስ ነበረብኝ። አራት ዓመት። በ1982 ክረምት ስመለስ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አሳድረውኝ፣ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን ነገሩኝ። ሁሉም አለቀሰ። እኔ እንባ አልነበረኝም። ወንድሜ ለእኔው ብሎ እንዳደረገው አውቃለሁ። ግን እስከ ዛሬ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ ልጅሽ ተምሮ እስኪመጣ አትጠብቂ። ወንድምሽም አዝኖለት ነው፣ አትጣዪው፤ ይህን ገጽ አንብቢለት። ፈተናው አልፏል። በዚህ ሰሞን የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ዓመታቸው ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኚም። እኔ እንደማስበው ደግሞ ልጁ ሳይጠረጥር አልቀረም። አሳዳጊ አያቱ ሁልጊዜ "ተኝታለች" ስትባል የማይጠረጥር ልጅ የለም። ስልኩን ቶሎ ቶሎ የሚዘጋውም ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

በጽሑፍ እንዳትነግሪው። በድምፅ መልእክትም አይሆንም። እዚያ ከተማ አብረውት የሚማሩ ያገራችን ልጆች አይጠፉም። የሚቀርበውን አንዱን አግኚና ለእሱ ንገሪው። ጓደኞቹ እንደ ወጋችን ማለዳ ክፍሉ ይሂዱ፤ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ትኩስ ነገር ይዘው። እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን አንቺ ጋ ሌሊት 9 ነው። ያን ቀን ነቅተሽ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። ጓደኞቹ አጠገቡ እንደተቀመጡ በዊቻት በምስል ይደውሉልሽ፣ ከአንቺ አፍ ይስማው። እንዴት እንደታመሙ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ፣ የት እንደተቀበሩ ሳትደብቂ ንገሪው። "ተኝታለች ያልንህ ፈርተን ነው፣ አፉ በለን" በይው። ቢቆጣ ይቆጣ። ካለቀሰ አብረሽው አልቅሺ፣ ስልኩን እንዳትዘጊ። ከዚያም እሱ የምትነግሩትን እንዲያምን ከዛሬ ጀምሮ ክፉም ደጉም ይነገረዋል ብላችሁ ቃል ተግባቡ። እሱም ሲታመም፣ ብር ሲያጥረው፣ ፈተና ሲወድቅ "ደህና ነኝ" እንዳይልሽ አስምዪው።

ሰደቃውን ከቻልሽ ቅዳሜ ወይም እሑድ አድርጊው። ዱዓው ከረፋዱ 4 ሰዓት ቢጀምር እሱ ጋ ከቀኑ 9 ነው። ቀድመሽ ደውለሽለት፣ ስልኩን ጀበናው አጠገብ አስደግፊው። ሰው ሲገባ ሲወጣ ይየው፣ "አሚን" ሲባል አብሮ ይበል።